የጎደለው የጽጌረዳ ዘይት

አንድ ደምለው የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከሞተችው ሚስቱ የቀረችው አንዲት ትንሽ የጽጌረዳ ዘይት ጠርሙስ ናት። ናፍቆት ሲጠናበት ከልብስ ሳጥኑ ያወጣትና ቡሹን ነቅሎ ያሸታታል፤ ከዚያ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከጋቢው ሥር ይሸጉጣታል። አንዲት ጠብታ እንኳ ተቀብቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠርሙሷን በብርሃን ቢያያት ከግማሽ በታች ወርዳለች። ክው አለ። ልጁ ሥራ ስለሚውል ቀን ቀን ቤት ያለችው የልጁ ሚስት ስንዱ ብቻ ናት። ነጠላዋን አንስቶ ቢያሸተው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል።

«የሟችን ማስታወሻ ትቀቢያለሽ?» ብሎ ጮኸባት።

«ማርያምን አባባ፣ ነክቼው አላውቅም!»

«ነጠላሽ ይመስክርብሻ!»

 ስንዱ እንባዋን እየጠረገች ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ልብሷን ትጠቀልል ጀመር።

ጩኸቱን የሰማው ጎረቤታቸው ሽቶ ቀማሚው ዑመር ገባና ነገሩን አዳመጠ፤ ጠርሙሷንና ሳጥኑንም አየ።

«ነጠላሽን የት ነው የምታስቀምጪው?» አላት።

«እዚያው የአባባ ልብስ ሳጥን ውስጥ።»

«አባባ፣ እስቲ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጋቢዎን ያሽቱት።»

«ምንም አይሸትም» አለ ደምለው።

«አሁን ነጠላውን ሲያሸቱ አፍንጫዎ ለምዶት ነው። ደጅ ወጥተው ነፋስ ተቀብለው ይመለሱ።»

ወጥቶ ተመለሰ። ጋቢውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተው።

«የምግብ ዘይት ከባድ ነው፤ ካረፈበት አይነቃነቅም» አለ ዑመር። «የአበባ ዘይት ግን ቅንጣቶቹ ቀላል ናቸው፣ አጥብቀውም አይያያዙም። ትንሽ ሙቀት ካገኙ ይተናሉ። ሳጥንዎ ደግሞ ከማድቤቱ ግድግዳ ተጠግቷል፤ ቡሹም ደርቋል፤ የተነነው ዘይት ልብሶቹ ውስጥ ገብቷል። ሽታ ማለት እኮ ዘይቱ ራሱ ነው፤ ከጠርሙሱ ወጥቶ አፍንጫችን ሲደርስ ሸተተን እንላለን። እርስዎም ባሸተቱት ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይወጣ ነበር።»

 ደምለው ጥቅልሉን ከስንዱ እጅ ተቀበላት።

«ልጄ፣ ለሞተችው ሳዝን ያለችውን ላጣ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ጉልበቱን ልትስም ብታጎነብስ ቀና አድርጎ ግንባሯን ሳማት።

«አባባ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እማማ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ? እኔኮ አልደረስኩባቸውም።»

ያን ዕለት እስኪመሽ ስለ ሚስቱ አወራላት። ስንዱም ሳቀች፣ አለቀሰችም።

ወዳጆቼ፣ የጎደለ ነገር ሁሉ ሌባ የለውም። ጥርጣሬ ግን ቸኩሎ የቅርቡን ሰው ይይዛል። እኛስ የሰውን ነጠላ ከማሽተታችን በፊት የራሳችንን ጋቢ አሽትተን እናውቃለን?