የሐጂ ሸምሰዲን በርጩማ

ስሟን ባልጠራ የማትቀየመኝ አንዲት አሮጌ ከተማ አለች። ጁምዓ መስጂዷና ገበያዋ በአንድ ግንብ ተደግፈው የቆሙ ናቸው፤ ሶላቱን ጨርሶ የወጣ ሰው ጫማውን ሲያጠልቅ ዓይኑ ሸቀጥ ላይ ያርፋል። እዚያ ገበያ ውስጥ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ገዢ ሲመጣ ጥቅሉን አስይዘው ወደ ፀሐይ ያወጡታል፤ ጥላ ውስጥ ቀለም ይዋሻል ባይ ናቸው። ከእሳቸው ገዝቶ ቤቱ ገብቶ የተጸጸተ ሰው አልተሰማም።

እርጅና ሲጫናቸው ጨርቁን ተዉና ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ለአብዱልባሲጥ ለቀቁለት። እሱ ያሰበው ሌላ ንግድ ነው። ከመሥሪያ ቤቶች የወጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ከዋናው ከተማ እያመጣ፣ እየጠገነና እየወለወለ ሊሸጥ ነው። መነሻውን ያገኘው ባለቤቱ ሒክማ የመህሯን፣ ለኒካሕ የተሰጣትን ወርቅ ሸጣለት ነው። ንግዱ ቢከስር የሚጠፋው የእሷ ሐቅ ስለሆነ እንቅልፍ አልነበረውም። አጎቱን የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርጩማቸውን ሱቁ በር ላይ አድርገው እንዲውሉለት። ሐጂም ቤት ከመዋል ይሻላል ብለው እሺ አሉ።

ንግዱ ወዲያው ደራ። ሐጂ ኮምፒውተር በየት በኩል እንደሚበራ እንኳ አያውቁም። የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ሰላምታ ሲመልሱ ይውላሉ፤ ሰው ግን ይገዛል። አብዱልባሲጥም አይዋሽም፤ ይህን ልመስክርለት። የተጠየቀውን በእውነት ይመልሳል፣ ያልተጠየቀውን አያነሳም። ብዙዎቻችን ሐላል ንግድ የምንለው ይህንኑ አይደል?

አንድ ቀን ጠዋት ሙፊዳ መጣች። ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ላፕቶፗን የገዛችው ከዚሁ ሱቅ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ ድርግም እንደሚል፣ የጻፈችው ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ባለጉዳዮቿም ወደ ሌላ ጸሐፊ እንደሄዱባት ለሐጂ ነገረቻቸው። ጠጋኝ ቤት ወስዳም ገንዘቧን ከመጨረስ በቀር ያገኘችው ነገር የለም። ሐጂ ታዲያ ለምን ቶሎ እንዳልመለሰችው ጠየቋት።

«እንዴት ብዬ ልመልሰው ሐጂ? እርስዎ በሩ ላይ ተቀምጠው የተገዛ ዕቃ እንከን ይኖረዋል? ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ሌላ በዱቤ እንዲሰጡኝ ልለምንዎት ነው።»

የሐጂ እጅ ሙስበሓው ላይ ቆመ። አብዱልባሲጥን ጠርተው ላፕቶፑ ሲሸጥ ባትሪው እንዴት እንደነበረ ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ መለሰ። ባትሪው እንደደከመ ያውቅ ነበር፤ ግን አልጠየቀችውም፤ ብትጠይቀው ኖሮ አይደብቃትም ነበር።

«አልጠየቀችህም» አሉ ሐጂ። «ለምን እንዳልጠየቀችህ ደግሞ አሁን ነገረችን።»

ከሱቁ ደህናውን ላፕቶፕ አስመርጠው ሰጧት። ለጠጋኝ ያወጣችውን ከራሳቸው ኪስ ተኩ፣ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን አሏት። ሙፊዳ አለቀሰች። ይህን ያህሉ ከእሳቸው የሚጠበቅ ነበር። ማንም ያልጠበቀው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። በርጩማቸውን አንስተው መንገዱን ተሻገሩና ፊት ለፊት ካለው ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር ተቀመጡ።

የገበያ ወሬ መቼም እግር አያጣም፤ አጎትና የእህት ልጅ ተጣሉ ተባለ። ገዢውም በርጩማውን ተከትሎ ሄደ። እየመጣ ልግዛ ወይ ብሎ የሚጠይቃቸውን ሁሉ ሐጂ ኮምፒውተር እንደማያውቁ ይነግሩታል፤ የሚያውቅ ሰው ይዞ እንዲሄድ፣ አብርቶ እንዲያየው፣ ከመብራት ነቅሎም እንዲሞክረው ይመክሩታል። ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ይወዳል? ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሱቁ ጭር አለ። አምባር የሌለበት የሒክማ እጅ ለአብዱልባሲጥ ከጭቅጭቅ ይብስበት ነበር።

በመጨረሻ መንገዱን ተሻግሮ አጎቱ ፊት ቆመ።

«አጎቴ፣ የሒክማ ወርቅ እዚያ ውስጥ ነው። ተመልሰው ይቀመጡልኝ። ከእንግዲህ ባይጠይቁኝም እናገራለሁ።»

«መናገርህ ደግ ነው። እኔ ግን አልመለስም» አሉት። «ጨርቅ ስሸጥ ሰውን ወደ ፀሐይ አወጣው ነበር። አንተ ዘንድ ፀሐዩን የጋረድኩት እኔ ነኝ።»

አብዱልባሲጥ ተቆጥቶ ተመለሰ። መቆጣቱ አይፈረድበትም፤ የሒክማ ወርቅ እዳ ያለበት እሱ እንጂ አጎቱ አይደሉም። በማግሥቱ ግን ሱቁ በር ላይ፣ በርጩማው በነበረበት ቦታ፣ አግዳሚ ወንበር አወጣ። የመጣውን ገዢ የቀትሩን የዙህር አዛን ሲሰማ ላፕቶፑን አብርቶ ከመብራት እንዲነቅለው፣ የፈለገውንም እንዲሠራበት ይነግረዋል። ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲደርስ ነው። ባትሪው የሞተውን ደግሞ ገና ገዢው ሳይነካው ያለ መብራት እንደማይሠራ ተናግሮ በርካሽ ይሸጠዋል። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት። ቀስ በቀስ ተማሪው መጣ፣ አስተማሪው መጣ፣ ሙፊዳም የፍርድ ቤቱን ጸሐፊዎች ይዛ መጣች። እንደ በርጩማው ዘመን አልደራም። ቢሆንም ከጊዜ በኋላ ሒክማ እጅ ላይ አንድ አምባር ታየ። ቀሪው ወርቅ ገና ነው። በዚያ ገበያ ዛሬም ሰው ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ፣ ኮምፒውተር ባይሆን እንኳ፣ «ዐስር ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሐጂ ከበረንዳው ሥር አልተነሱም። አንድ መንገደኛ ይህን የመሰለ ስም ይዘው ስለምን የእህታቸውን ልጅ ሱቅ እንደማይጠብቁ ጠየቃቸው። ጺማቸውን ዳበስ አደረጉና መለሱለት።

«ጺሜ ባትሪ አይሞላም።»

የዕቃን ዐይብ፣ ማለትም እንከኑን ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሐጂን የፈተናቸው ግን የራሳቸው ውሸት አልነበረም፤ የደከሙበትና በሐቅ ያገኙት መልካም ስም ነው። መልካም ስም አማና፣ አደራ ነው፤ ሰው አምኖበት ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን በጨፈነ ሰው ፊት የሚሸጥ ደግሞ ባይዋሽም የሚጠየቅበት ነገር አለ። እኛ ሱቃችን ግድግዳ ላይ የቁርኣን አንቀጽ እንሰቅላለን፣ ጥምጣማችንንም እናሳምራለን፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙፊዳ የሰው ጥፋት ተሸክማ ራሷን የወቀሰችው ሐጂን ስላመነች ነው። እኛንስ አምኖ ዛሬ ቤቱ ውስጥ ራሱን የሚወቅስ ማን ይኖር ይሆን? አላህ የዕድሜያችን ዐስር ሳያልፍ ያሳየን።