የአመለወርቅ ልጆችና የውሃው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ውሃን በምላሱ ብቻ በሚያምንበት ጊዜ፣ ድሮ እሳት ይተፋ ነበር በሚባል ተራራ ግርጌ ድንጋይ በር የምትባል መንደር ነበረች። ሰውም ከብትም ከአንድ ኩሬ ይጠጣ ነበርና፣ ዝናብ ጎርፉን ወደ ኩሬው በጠረገ ቁጥር ተቅማጥ ሕፃናቱን ይለቅማቸው ነበር። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቦኖ ሲያቆሙ መንደሩ እልል አለ። ውሃው እንደ እንባ የጠራ ነው፤ አይሸትም፣ አይጎፈንንም። ቁልፉም ለአመለወርቅ ተሰጠ።

ለምን ለእሷ? ለገዛ እህቷ እንኳ ወረፋ አታስቀድምማ! ሰው ኩሬው ያስለመደው ፍርሃት ገና አልለቀቀውም ነበርና፣ አንድ ሥርዓት አወጣች። ጠዋት ቦኖውን ስትከፍት የመጀመሪያዋን ጣሳ ሰልፈኛው ፊት ራሷ ጭልጥ ታደርጋለች። «ይኸው ቆሜያለሁ፣ ቅዱ» ትላለች። እሷ ሳትጠጣ ጀሪካን የሚያስጠጋ አልነበረም። እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ።

በአሥረኛው ዓመት ገደማ መዳፏ ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ የጠጠረ ነገር ወጣ። ደረቷ ላይ ደግሞ አቧራ ላይ ካፊያ የጣለ የመሰለ ነጠብጣብ። ደበቀችው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቆዳ ላይ ከታየ ሥጋ ደዌ ነው ይባላል፤ ከተባለ ደግሞ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያጭ የለም፣ በሐዘን ቤትም ሰሃናቸው ይለያል። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ መጨበጥ ጀመረች። «ቅባት ነክቶኝ ነው» ትላለች። ጎረቤት ዕውር መሰላት! ደግሞም ያቺ ምላሰኛ ጎረቤቷ ደብሪቱ ራሷ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ አልነበር የምትጨብጣት? ሁሉም የራሱን እየደበቀ የሌላውን ይሰልል ነበር።

አመለወርቅን እንቅልፍ የነሳት ግን የልጅ ልጇ ናት። የስድስት ዓመቷ ትርንጎ ከሰች፣ ሆዷ አልረጋ አለ፣ አንገቷ ሥር ያ ነጠብጣብ ብቅ አለ። አያት ምን ታድርግ? በኩሬው ዘመን የጤና ሠራተኞች «አፍልታችሁ አጠጡ» ብለው አስተምረዋት ነበር። እሷም የቦኖውን ውሃ ግማሹ እስኪተን ድረስ ታንተከትከውና፣ አቀዝቅዛ ለትርንጎ ብቻ ትሰጣለች። ተባዩ በደንብ ይሙት ብላ ነው። ልጅቷ በጠጣች ቁጥር ባሰባት።

አመለወርቅ ሦስት ልጆች ነበሯት።

ትልቁ ሽፈራው የፍየል ነጋዴ ነው። የፍየል ጥርስና ቆዳ አይቶ ዕድሜዋንና በሽታዋን የሚናገር፣ ዓይኑ ምንም የማያመልጠው ሰው። የፍየሉን ትቶ የሰው መዳፍ ማየት ጀመረ። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት አባ ወርዶፋ ዓይናቸው ስለማያይ ቦኖ አይመጡም፤ ከቆርቆሯቸው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅመው ነው የሚጠጡት። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ መዳፋቸው እንደ አራስ ልጅ! ሽፈራው ይህን አይቶ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ፣ ፍየል ልሸጥ ነው ብሎ ከተማ ወረደ፣ ላብራቶሪ አስገባ። ውጤቱ አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስቱንም ሳምንት እናቱ ጣሳዋን ጭልጥ ስታደርግ ቆሞ ያይ ነበር።

ወረቀቱን ይዞ የመጣ ቀን ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ማን ሞተ?»

«ውሃው መርዝ አለው። አርሰኒክ ይሉታል።»

«ማነው የጨመረው?» አለች። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደ ደብሪቱ አጥር ነው።

«ማንም አልጨመረው። ከአለቱ ነው። ከሥር ያለው ትኩስ ውሃ ያንን የተቃጠለ ድንጋይ እያሟሟ ይዞት ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ምላስም አያውቀው። ያ በእጅሽ ላይ የወጣው ሥጋ ደዌ አይደለም፤ እሱ ነው።»

አመለወርቅ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። የሚያስፈራው አለፈ ብላ ነው። «ተመስገን! እንግዲያው ለትርንጎ ደግ አደረግኩ፤ የእሷን እያፈላሁ ነው የማጠጣት።»

ሽፈራው ወረቀቱን አጠፈ። «እማዬ፣ የሚተነው ውሃው ነው። መርዙ አይተንም። ግማሹን ባተነንሽው ቁጥር በቀረው ላይ እጥፍ ይሆናል።»

ጩኸቷን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ደረቷን እየደቃች፣ «በእጄ! በገዛ እጄ አፍልቼ!» ስትል አጥር ላይ ያልተንጠለጠለ ሰው አልነበረም።

መካከለኛው ታጠቅ ግንበኛ ነው፤ እጁ ከአፉ የሚቀድም። ጩኸቱን ሰምቶ ከሥራው መጣ፣ ነገሩን ሰማ። ሲሚንቶውን አቡክቶ፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች እያዩት የቦኖውን አፍ ደፈነው።

«አንተ ጥጋበኛ፣ አባትህ ነው እንዴ ያስቆፈረው?» አለች ደብሪቱ።

«ነገ አንድ ልጅ ቢጠጣ በማን ነፍስ ነው?» አላት፤ የግንበኛ ማንካውን ጠርጎ ሄደ።

ሰው ያለ ውሃ አያድርም። ወደ ኩሬው ተመለሱ። ዝናቡም ገብቶ ነበር፣ ጎርፉ የከብቱን እዳሪ ወደ ኩሬው ይነዳል። ቢያፈሉት እኮ በዳኑ! ግን የአመለወርቅ ጩኸት ከቤት ቤት ሲዞር ሌላ መልክ ይዟል፤ «ማፍላት መርዝ ይፈለፍላል» ሆኗል። ማን እንዲህ ብሎ እንደጀመረው እንጃ፣ ሁላችንም ከሌላ ነው የሰማነው። የኩሬውን ድፍርስ ውሃ ጥሬውን ጠጡት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ፤ አንዱ የደብሪቱ የልጅ ልጅ ነው። መቃብራቸውን የቆፈረው ታጠቅ ነበር። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልከለከለውም።

ትንሿ በለጡ የትርንጎ እናት ናት። ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ። ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ሰው ለሽፈራው «የብረት ዝገት ይህን መርዝ ይዞ ያስቀረዋል» ብሎት ነበር፤ እሱ እንደ ዋዛ ሲያወራው እሷ ያዘችው። የታጠቅን የዛገ ምስማር ሁሉ ለቀመች። አንዱን እንስራ ከሥሩ በሳችና ምስማርና አሸዋ ደረበችበት፤ የሚያጠልለውን ከታች በሌላ እንስራ ተቀበለች። ከዚያ መሮና መዶሻ አንስታ፣ ወንድሟ የደፈነውን ሲሚንቶ ፈልፍላ ከፈተችው።

ታጠቅ እየሮጠ መጣ። «ሁለተኛ መርዝ ልታጠጪ ነው?»

«በዚህ እንስራ ያላለፈ ውሃ ማንም አይጠጣም። ዞር በል።»

«መሥራቱን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ኩሬው እንደሚገድል ግን አውቃለሁ።»

መጀመሪያ የጠጣችው ራሷ ናት፤ ከዚያ ትርንጎ። ሃያ ቤት እንስራ ደረደረ። ተቅማጡ ቆመ። ከአራት ወር በኋላ ሽፈራው ውሃውን አስመረመረና የእንስራው ውሃ ደህና ሆኖ ተገኘ። ትርንጎም ምግብ መቅመስ ጀመረች። መንደሩ በለጡን ሊሸከማት ደረሰ።

ግን ሽፈራው ያው ዓይኑ አይተኛም። «ከእንስራው የምታወጪውን ዝቃጭ የት ነው የምትደፊው?» አላት።

«ጓሮ፤ ጎመኑ ሥር።»

አፈሩንም አስመረመረ። መርዙ የትም አልሄደም ነበር፤ ቦታውን ቀይሮ ጎመኑ ሥር ተኝቷል። ከዚያ ጎመን ሦስት ቤት በልቷል፤ ትርንጎም ከሁሉ አብልጣ በልታለች። በለጡ ጎመኑን ነቅላ ቀበረች፤ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም።

ዓመቱ ሲዞር በመንደሩ ጤና ጣቢያ ጣሪያ ሥር የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ተሠራ። ንጹሕ ነው፤ ግን በጋውን አይዘልቅም። በበጋ የቦኖው ውሃ በእንስራ ማለፍ አለበት፣ ዝቃጩ መቀበር አለበት፣ ምስማሩ መቼ እንደሚደክም የሚያይ ያስፈልጋል፤ ኩሬ የሚወርደውንም አፍላ የሚል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። የአመለወርቅ ጣቶች ደግሞ ቁልፍ ማዞር አቅቷቸዋል።

በድንጋይ በር ሕግ ተተኪውን የሚሰይመው ቁልፍ ያዡ ራሱ ነው፤ አንዴ ከተሰየመ በሕይወቱ አይነጠቅም። አባ ወርዶፋ በሰው ተመርተው መጡና፣ «አመለወርቅ፣ ሦስቱም የማኅፀንሽ ፍሬ ናቸው። መንደሩ የሚጠጣው ግን ከአንዱ እጅ ነው። ተናገሪ» አሏት።

ሽፈራው፣ «እኔ ባላይ ኖሮ እስከዛሬ ትጠጡ ነበር። ሳላረጋግጥ አልናገርም» አለ።

«ስታረጋግጥ አምስት ሳምንት ጠጣን!» አለ አንዱ ከኋላ።

ታጠቅ፣ «እኔ ያወቅኩ ዕለት አስቁሜያለሁ። አደጋ ሲመጣ የሚያመነታ እጅ ቁልፍ አይያዝ» አለ።

ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በለጡ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ ያጠጣኋችሁን ጠጥቻለሁ፤ ያበላኋችሁንም በልቻለሁ» አለች።

«ሳታውቅ ነዋ!» አሉ ግማሾቹ። «ያስፈራንስ እሱ አይደል?» አሉ ሌሎቹ።

አመለወርቅ ቁልፉን በሁለት መዳፏ መሐል ይዛ ሦስቱንም በየተራ ታያለች። አውቆ ለዘገየው ብትሰጥ፣ የሚቀጥለው መርዝ ወረቀት እስኪመጣ ማንን ይወስዳል? ለቸኮለው ብትሰጥ፣ የሚቀጥለውን መቃብር ለማን ይቆፍራል? ሳታውቅ ለምትደፍረዋ ብትሰጥ፣ የሚቀጥለው ጎመን የት ይበቅላል? ጀሪካኑ ተሰልፏል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ትርንጎ የአያቷን ቀሚስ ይዛ «አያቴ፣ ጠማኝ» ትላለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከሦስቱ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? ነገ ጠዋት የራሳችሁን ልጅ ከማን እጅ ታጠጣላችሁ?