ጅግራ በአደባባይ የተናገረች ዕለት

ይህን ተረት ያገኘነው ከእትዬ አንጓች ነው፤ እሳቸውም ከአማታቸው ሰምተውት ነው።

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ወንዝ ዳር ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ አያ ጅቦ አህያን አገባ። ምን አገናኛቸው አትበሉ፤ ሽማግሌ ሆኖ ያጋባቸው ቀበሮ ነው። «ጅቦ ሥጋ ትቷል፣ ሣር ለምዷል» ብሎ ማለላት፤ ለድካሙም ከጅቦ እጅ አንድ ሙዳ ሥጋ ተቀበለ። ሥጋ የተወ ሰው ሙዳውን ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ የለም።

ጅግሪት የምትኖረው ከጅቦ ደጅ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ዓይኗ የማያየው፣ ጆሮዋ የማይሰማው ነገር አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አህያ ስትጮህ ትሰማለች፤ በማግስቱ ውኃ መውረጃው ላይ ላገኘችው ሁሉ ትዘረግፈዋለች። ሚዳቋ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ከርከሮ አንገቱን ይነቀንቃል። ጠጥተው ሲጠግቡ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። አህያ ራሷ እያነከሰች ስትመጣ ግን ወሬው ቀጥ ይላል፤ ጅግሪትም «እንደምን አደርሽ፣ እቴ» ትልና ላባዋን ማበጠር ትጀምራለች።

አህያ አንድ ሁለቴ ጥላው ወጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቀበሮ አስታርቆ መለሳት። «የባልና የሚስት ነገር የጓዳ ነገር ነው፤ ቻይው» አላት። ለዕርቁም ሙዳውን ይዞ ሄደ።

አንድ ማለዳ ጅግሪት ወደ ወንዙ ስትወርድ አህያን ድንጋዩ ላይ ወድቃ አገኘቻት። የኋላ እግሯ ተሰብሯል፣ ጎኗ ተቦጭቋል፣ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። ጅግሪትን ትክ ብላ አየቻት። ያቺ ወሬ የማያልቅባት ጅግሪት በዚያ ዓይን ፊት መቆም አቅቷት ወደ ቁጥቋጦዋ ተመለሰች።

ነገሩ ከአገሩ ዳኛ ከአንበሳ ጆሮ ደረሰ። አንበሳም አውጫጭኝ አዘዘ። የአውጫጭኝ ወግ ይታወቃል፤ አገሬው ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የሚበላ የለም፣ የሚጠጣ የለም፣ የሚወጣም የለም። አህያን ከዋርካው ጥላ ሥር ሣር ጎዝጉዘው አስተኟት፤ ውኃ የተሰጣት እሷ ብቻ ናት፤ ሚስት በባሏ ላይ አትመሰክርም ብለው ግን ማን ጎዳሽ ያላት የለም።

የመጀመሪያው ቀን «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ሲባል አለቀ። ጦጣ ዛፍ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከርከሮ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ተራው ጅግሪት ጋ ሲደርስ፣ «እኔ የዶሮ ዘመድ፣ በጊዜ ነው የምተኛው» አለች። አህያ ከተኛችበት ቀና ብላ አየቻት፤ ጅግሪት ፊቷን አዞረች።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ የሁሉም ጉሮሮ ሲደርቅ፣ ቀበሮ ተነሣ። ድንጋይ አዳልጧት ነው አለ። ባሏ ቀጥቷትስ ቢሆን፣ ለአንድ ሚስት ቅጣት አገር በውኃ ጥም ይለቅ ወይ አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል ሲባል አልሰማችሁም? እሷ እኮ ሁለቱም ናት» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጅቦ ነው።

አህያ በሦስት እግሯ ቆመች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ይህን የተረተው ዱላውን የያዘው ነው። ጀርባው የኛ ነበር፤ እኛን የጠየቀን የለም» አለች።

ሳቁ ከመሃል ተቆረጠ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሲናገሩ እትዬ አንጓች ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

በአውጫጭኝ ሕግ ያየ ሁሉ በዳኛው ጆሮ ሹክ ማለት ይችላል፤ ስሙ አይወጣም። ጅግሪት ይህን ታውቃለች። ግን ሹክ ማለቱን ትታ፣ ጅቦ ዓይኑን አፍጥጦባት እያለ፣ ሁሉ የሚያያት ጉቶ ላይ ወጣች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። «ማታ ማታ ስትጮህ ሰምቼ፣ ጠዋት ጠዋት ሳወራው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደጇ ደርሼ አላውቅም። የነከሳት ጅቦ ነው።»

«ጎኗን ብቻ!» አለ ጅቦ ተቆጥቶ። «እግሯን አልነከስኩም። ልታመልጥ ስትል ስጎትታት ነው የተሰበረው።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ።

ሚዳቋ፣ «እኔም ሰምቻለሁ» አለች። ከርከሮ፣ «እኔም።» ጦጣ፣ ጃርት፣ ጥንቸል፣ ኤሊ ሳትቀር፣ «እኔም ሰምቻለሁ።» የጮኸ አልነበረም፤ ግን ድምፁ ከአጥሩ ዳር እስከ ዳር እንደ ክረምት ደራሽ ውኃ እየተመመ መጣ፣ ምድሩ ከእግራቸው ሥር የሚነቃነቅ መሰላቸው። ለማንም ተነሥቶ የማያውቀው አንበሳ ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሣ። ጋማውን ወደ አህያ ዝቅ አደረገ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ፍርዱ አጭር ነበር። ጅቦ ከወንዙ ማዶ ይሂድ፣ ማንም ሰላም አይበለው። ሰምተው ዝም ያሉት ሁሉ፣ አንበሳ ራሱ ሳይቀር፣ የአህያ እግር እስኪድን በየተራ ሣርና ውኃ ያቅርቡላት። ከእንግዲህም ጩኸት የሰማ በዚያው ሰዓት ይድረስ።

ጅቦ እስከ ዛሬ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ይጮኻል። ቀበሮን ሽማግሌ ብሎ የጠራው የለም። አህያ የራሷን ጎጆ ቀለሰች፤ እግሯ ድኗል፣ ትንሽ ታነክሳለች። ጅግራ ደጇ ኮሽ ባለ ቁጥር አገሩን በጩኸት ታነሣለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የምትደበደብ ሴት ጩኸት ለሰማው ሁሉ የድረሱልኝ ጥሪ እንጂ በማግስቱ የሚወራ የጎረቤት ወሬ አለመሆኑን ነው።