የይርገዱ ፍንጭት

ጥርስ ያለው ይስማ፤ ጥርስ የሌለው ጠጋ ብሎ ይስማ።

ጉለሌ ውስጥ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች፤ የልብስ ሰፊው የወንድይፍራው ሚስት። አንድ ነገር አማራት። ሥጋ አይደለም፤ ቆሎም አይደለም። አፏን በመዳፏ ሳትሸፍን መሳቅ። አንዴ ብቻ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ከረገፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ለባሏ ጀርባዋን ሰጥታ በላች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀልዱን ሰምታ ፊቷን አዞረች።

ሳቅ፣ ያለ ጥርስ አልወጣም አለ።

ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ አይሠራም። ዶክተር ሄርሜላ አፏን በመብራት አየች። ከላይ አምስት ስባሪ ቀርቷል፤ ዙሪያው ቆስሏል። ጥርስ፣ ድድ ካልጸዳ አልገባም አለ። ድድ፣ ስባሪው ካልተነቀለ አልጸዳም አለ። ድድ አይጸዳ፣ ጥርስ አይገባ፣ ሳቅ አይወጣ።

የመንቀያው ቀን ተቆረጠ። ቁርስዎን በልተው፣ የግፊት ክኒንዎን ውጠው ይምጡ ተባለች። ገንፎዋን በላች፣ ክኒኗን ዋጠች፣ መጣች። ነርሷ ክንዷን በግፊት መለኪያው ጠቅልላ ነፋች። መቶ ሰማንያ። እንደገና ነፋች። መቶ ሰማንያ አምስት። ጉጠት፣ ግፊት ካልወረደ አልነቅልም አለ። ግፊት አይወርድ፣ ጉጠት አይነቅል፣ ድድ አይጸዳ፣ ጥርስ አይገባ፣ ሳቅ አይወጣ።

ክኒን ተጨመረላት። በሳምንቱ ተመለሰች። ያው ነው። ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ መርፌው ነው ወይስ ደሙ የሚያስፈራዎት ብላ ጠየቀቻት። መርፌው አልነበረም። ደሙም አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው፤ ጥርሶቹ ሁሉ ግጥም ያሉ፣ እንደ ቆርቆሮ አጥር። ይርገዱ ፍንጭት ነበረች። ሰፈሩ የሚያውቃት በዚያ ነው።

«የሌላ ሰው አፍ ይዤ ልኑር፣ ልጄ?» አለች፣ በመዳፏ ሥር።

ልብ፣ ፍንጭት ካልተመለሰ አልረጋም አለ። ልብ አይረጋ፣ ግፊት አይወርድ፣ ጉጠት አይነቅል፣ ድድ አይጸዳ፣ ጥርስ አይገባ፣ ሳቅ አይወጣ።

ጥርሱን የሚሠራው ኑረዲን ከጓዳው ተጠርቶ መጣ። ጣቱ ላይ ሰም። ፍንጭት ማበጀት ቀላል ነው አለ፤ ግን ስንት ይሁን? ጠባብ? ሰፊ? ፎቶ ያምጡ። አመጣች። የሠርግ ፎቶ፦ አፏ ግጥም። ፎቶ አንሺው ሙሽራ አትስቅም ብሏት ነበር። የክርስትና ፎቶ፦ ግጥም። የመታወቂያ፦ ግጥም። ኑረዲን ሦስቱንም አገላብጦ መለሰላት። ይህን ፍንጭት በዓይኑ ያየ ሰው የለም ወይ አላት። ፍንጭት፣ ልክ ካልተገኘ አልመለስም አለ። ልክ አይገኝ፣ ፍንጭት አይመለስ፣ ልብ አይረጋ፣ ግፊት አይወርድ፣ ጉጠት አይነቅል፣ ድድ አይጸዳ፣ ጥርስ አይገባ፣ ሳቅ አይወጣ።

ያየስ ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ከቅርብ ያየ ግን አንድ ሰው አለ።

ቅዳሜ ጠዋት። ግቢ። የታጠበ ብርድ ልብስ፤ አንዱ ጫፍ በሷ እጅ፣ ሌላው በባሏ። ሲጨምቁት ጠየቀችው። ወንድይፍራው የሰፈሩን ወገብና ትከሻ ሁሉ ለክቷል። ፍንጭት ግን ለክቶ አያውቅም። የማየው ስትስቂ ነበር አላት፤ ካልሳቅሽ ከየት አምጥቼ ላስታውስ። ባል፣ ሳቅ ካላየሁ አላስታውስም አለ።

ሳቅማ ያለ ጥርስ አልወጣም ብሏል።

ነገሩ ስላልገባው ከመጀመሪያው አስነገራት። ከዚያ ራሱ ደገመው፤ ለእያንዳንዱ ነገር ብርድ ልብሱን አንድ ዙር እያጠማዘዘ።

«እኔ አላስታውስ፣ ልክ አይገኝ፣ ፍንጭት አይመለስ፣ ልብ አይረጋ፣ ግፊት አይወርድ፣ ጉጠት አይነቅል፣ ድድ አይጸዳ፣ ጥርስ አይገባ፣ ሳቅ አይወጣ፣ ሳቅ ስላልወጣ እኔ አላስታውስ...»

ቆመ። ብርድ ልብሱ ገመድ ሆኗል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ኮሌታ ነው። ዞሮ ዞሮ የኔኑ አንገት ያዘ።»

ሳቀች። ሁለት እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ድዱ፣ አምስቱ ስባሪ፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ወጣ። ወንድይፍራው አየ። ዓይኑን አላሸሸም።

«ክር» አለ።

«የምን ክር?»

«የቁልፍ መስፊያ ክር። እንደተጋባን ሰሞን በጥርስሽ ትቆርጪልኝ ነበር። በፍንጭቱ ሲያመልጥሽ ትስቂያለሽ። አራት እጥፍ ሳደርገው ነው የያዘልሽ።»

ታዲያ ምን ቀረ። አራት እጥፍ ክር በፖስታ ሆኖ ኑረዲን እጅ ገባ። ሳቅ ወጣ፣ ባል አስታወሰ፣ ልክ ተገኘ፣ ፍንጭት እመለሳለሁ አለ፣ ልብ ረጋ። ግፊት ወረደ፤ የተጨመረው ክኒንም አገዘ። ጉጠት ነቀለ፤ አምስት ጊዜ፣ በደነዘዘ ድድ ላይ፣ እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች። ድድ ጸዳ፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም፤ ሁለት ወር፣ በጨው ውኃ፣ በአጥሚትና በሾርባ። ጥርስ ገባ።

መስተዋት ሰጧት። አላየችበትም። አብሯት ወደ መጣው ባሏ ዞረች። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ መዘነ፤ ልክ የኮት ትከሻ እንደሚያይ።

«ይቺ ናት» አለ። «የኔዋ።»

ሳቀች። መዳፏ በልማዱ ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሥራ ፈቷል። ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ሲወርዱ ያንን መዳፏን ወንድይፍራው ያዘላት።