ያነሳ ይተካ

ድልድይ የሚወድ አንድ ሰው ነበረ።

ጋሽ ደርበው ነገራቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። አንዳርጌ ግን የጠየቃቸው ስለ ድልድይ አልነበረም። እሱ በኢንተርኔት ላይ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በሚጽፍበትና በሚያርምበት የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ለዓመታት ሲደክም የኖረ ልጅ ነው። ሰሞኑን እዚያ ከሌላ አራሚ ጋር ተጣላ። ጠቡ ከሁለቱ አልፎ ለሌሎቹም ተረፈ፤ ገሚሱ ከዚህ፣ ገሚሱ ከዚያ ወገነ፣ የቀሩት ደግሞ ጥለው ሄዱ። አንዳርጌ ጡረታ የወጡትን የድሮ መምህሩን ፈልጎ አገኛቸውና ጭቅጭቁን ከስልኩ ላይ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ሲጨርስ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ስህተት አይቼ ማጥፋቴ ጥፋት ነው? ከሁለታችን ልክ የሆነው ማን ነው?» አላቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ፤ ፍርዱን ትተው ምሳሌውን ጀመሩ። ከዚህ ወዲያ ያለው የእሳቸው ቃል ነው።

ሰውዬው የሚኖረው ወንዝ ዳር ነበር። ወንዙ በበጋ ሕፃን ረግጦት የሚሻገረው፣ በክረምት ግን በሬ ከነቀንበሩ የሚወስድ ነው። በአገሩ ድልድይ የሚያሠራ ባለጸጋ አልነበረም፤ ሥሩ ብሎ የሚያዝ አለቃም አልመጣም። ስለዚህ የሁለቱ ዳር ሰዎች ራሳቸው ዘዴ አበጁ። የሚሻገር ሁሉ አንድ ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ከሌሎቹ ጋር ያኖራል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ገበያ የሚሄደውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ሠርግ የተጠራውም እንደ አቅሙ ያመጣል። ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል የሚባለው? ከሥር ውኃው የሚያልፍበት ክፍተት እየተተወ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተነጠፈ፣ ድልድዩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ አለ። የቱን ድንጋይ ማን እንዳኖረው የሚያውቅ የለም። የማንም አልነበረም፣ የሁሉም ነበር።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ድልድዩን የጀመሩት ሽማግሌዎች ትተውት የሞቱት ሕግ «ያየ ያንሳ፤ ያነሳ ይተካ» የሚል ነበር። ክፉኛ የተቀመጠ ድንጋይ ያየ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ያነሳዋል። ያነሳ ሰው ግን ቦታውን ባዶ ትቶ አይሄድም።

ሰውዬው ድልድዩን የሚወደው ከልቡ ነበር። ይህን ልብ በል፣ አንዳርጌ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ወሬው በአጭሩ ባለቀ። ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ድንጋይ ያውቃል፤ ውስጡ የተሰነጠቀውን በጣቱ አንኳኩቶ ይለያል። በፊት በፊት መጥፎውን ያነሳና ቁልቁል ወርዶ የተሻለ ይፈልጋል፣ ተሸክሞ ይመለሳል፣ ይተካል። ማታ ሚስቱ ወገቡን በቅቤ ታሸዋለች። ለዚያ ሁሉ ድካም አንድ ሰው እንኳ አመስግኖት አያውቅም። በደንብ የተተካ ድንጋይ ለማን ይታያል?

አንድ ቀን ግን አንዱን ድንጋይ ሰው በተሰበሰበበት አነሳና «ይሄን ያኖረው ማን ነው? ዓይን የለውም?» አለ። የቆሙት ሳቁ። «ወይ ዓይን! ከሱ የሚሰወር ነገር የለም» ተባባሉ። ይህ ነገር ጣፈጠው። ድንጋይ መሸከም ወገብ ያጎብጣል፤ ድንጋይ መንቀፍ ግን ደረት ያስነፋል። ከዚያ ወዲያ መተካቱን ለነገ ያሳድረው ጀመር፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ የሚነሳ ያገኛል። እየዋለ እያደረ ከድልድዩ መግቢያ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ለራሱ መቀመጫ አበጀ። እዚያ ተቀምጦ የሚመጣውን ድንጋይ ሁሉ ይመረምራል። ይሄ ሞላላ ነው። ይሄ ከየት የመጣ ነው? ይሄ ይቅር፣ ያም ይቅር። ሰዎቹም ከሕጉ ግማሹን ብቻ ያስታውሱ ጀመር። «ያየ ያንሳ» ይባላል፤ የቀረውን የሚጨርስ ጠፋ።

በዚህ መሃል አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ማሰሮዎቿን በገመድ አስራ በጀርባዋ እየተሸከመች ወደ ገበያ የምትሻገር ሴት ናት። ስንት ጊዜ ተሻግራበት አንድም ቀን ምንም አለማኖሯ ከንክኗት፣ በዚያ ሸክም ላይ ድንጋይ በክንዷ አቅፋ መጣች። አኖረችው። እውነቱን ለመናገር ክፉኛ ነው ያኖረችው፤ በጠባቡ በኩል አቆመችው። ሰውዬው ከሾላው ሥር ተነሳና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ድንጋዩን አንስቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው።

ሴትዮዋ ውኃው የተረጨበትን ቦታ ትንሽ አየችው። «እሺ አባቴ፤ እንዴት ላስቀምጠው ኖሯል?» አለችው።

«መጀመሪያ ተማሪ፤ ከዚያ ትመጫለሽ።»

«ማን ያስተምረኛል?»

አልመለሰላትም። የሌላ ሰው ድንጋይ እያንኳኳ ነበር። እሷም የማሰሮዎቿን ገመድ አጥብቃ ተሻገረች። ከዚያን ቀን ወዲህ በድልድዩ አልመጣችም፤ ከታች ባለው ሩቅ መልካ በኩል፣ ውኃ እስከ ጉልበቷ እየደረሰ፣ ትሻገር ጀመር። መቅረቷን ማንም ልብ አላለም። የተቆጣ ሰው ይጮሃል፤ የቀረ ሰው ግን ድምፅ የለውም።

ከማዶ ደግሞ እንደሱው ድንጋይ የሚያውቅ፣ እንደሱው ዓይኑ የሰላ አንድ ሰው ነበረ። ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ! ይህ ጠዋት ያኖረውን ያ ከሰዓት ያነሳዋል፤ ያ ያነጠፈውን ይህ ያፈርሰዋል። ሰዉም ለሁለት ተከፈለ። የወዲህኞቹ ድንጋይ ማለት ጥቁር ነው አሉ፤ የወዲያኞቹ ከቀይ በቀር አይሆንም አሉ። ሽማግሌ ተላከ። እርቁ ግን ገና ሳይጀመር፣ ሽማግሌዎቹ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው ወይስ ቀይ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት በሚል ፈረሰ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ ትለኝ ይሆናል። አለ እንጂ!

ድንጋይ የሚያመጣው እያነሰ ሄደ። «ተሸክሜም፣ ተሰድቤም? ኧረ ወዲያ!» ይልና ገበሬው ባዶ እጁን ይሻገራል። ድልድዩ ከሩቅ ላየው የድሮው ድልድይ ነው። ሥሩ ግን ተነስቶ ያልተተካ፣ ጎደሎ ብቻ ሆኗል።

ሰውዬው አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሌላ አልወለደም። ማንያህልሽ ብሎ ስም ያወጣላት ራሱ ነው፤ ሲያቆላምጣት ማንዬ ይላታል። ማዶ ያለችው አክስቷ ዘንድ ሰንብታ፣ ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ ወንዙ ሞልቶና ደፍርሶ በሚወርድበት በአንድ የገበያ ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሰውዬው እንደ ልማዱ ሾላው ሥር ከወገኖቹ ጋር ነበር። ባላንጣውም ማዶ ከራሱ ሰዎች ጋር ቆሟል። ሁለቱ ወገኖች በውኃው ላይ ይጯጯሃሉ። ልጅቱ ከማዶ ድልድዩን ጀመረች፤ አባቷም አያት። ልቡ ደስ አለው። ደስ እያለውም ክርክሩን ቀጠለ።

መሃል ላይ ስትደርስ የረገጠችው ጠፍጣፋ ድንጋይ አዘነበለ። በዝግታ ነው ያዘነበለው፤ ያላየው ሰው አልነበረም። ልጅቱ እጆቿን ዘርግታ ለመቆም ታገለች። ፊቷን ወደ ሾላው አዙራ «አባ!» ብላ ጮኸች።

ሰውዬው ብድግ አለ፤ እጁንም ዘረጋ። እጁ የተዘረጋው ግን ወደ ልጁ አልነበረም፤ ማዶ ወዳለው ሰው ነበር። ከአፉ የወጣውም «አላልኩም?! ያ ድንጋይ የኔ አይደለም!» የሚል ነው።

ያኛውም ከማዶ «ሥሩን ባዶ ያስቀረኸው አንተ ነህ!» አለ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! በሁለቱም ዳር ያለው ሰው አንድ ላይ ጮኸ፤ ጥቁር ነበር፣ ቀይ ነበር፣ እኔ አምና ተናግሬያለሁ። ገመድ ያነሳ የለም፣ ወደ ውኃው የሮጠ የለም። ድንጋዩ ወደቀ። ልጅቱ አብራው ወደቀች፤ ድፍርሱ ውኃም ከላይዋ ገጠመ።

ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ።

ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። የደነገጠው በወንዙ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ አፉ ነው የደነገጠው። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ቃሉ አይመለስም፣ ጆሮው ውስጥ ገና ይጮሃል። ድምፁን ያውቀዋል፣ የራሱ ነው። ግን ልጁ ከሞት አፋፍ ላይ ሆና ስትጠራው እንዲህ ብሎ የሚመልስ አባት ማን ነው? እኔ ነኝ? ከዚያ እግሩ ተፈታለትና ወንዙን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። አሁን ስሟን ይጠራል። እየወደቀ እየተነሳ «ማንዬ! ማንዬ!» ይላል። ውኃው ግን ጥሎት ይሄዳል።

መልካው ዘንድ ሲደርስ ያቺን ሸክላ ሠሪ አያት። ውኃው ሞልቶ መሻገር ቢያቅታት እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። ማሰሮዎቿ ተከስክሰዋል። የታሰሩበት ገመድ እርጥብ ሆኖ ክንዷ ላይ ተጠምጥሟል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ልጁ እጅ ውስጥ ነው። ልጁ ጭቃው ላይ በሆዷ ተደፍታ ውኃ ታስመልሳለች። ነፍሷ አለች!

ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ሴትዮዋ ገመዱን ከክንዷ ላይ ትፈታ ነበር። አልተቆጣችውም፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበራትም። «ጩኸታችሁን ሰምቼዋለሁ» አለችው። «የሁልጊዜው ጭቅጭቃችሁ መስሎኝ ቀና ብዬም አላየሁ። ፈጣሪ ባያዞረኝ በፊቴ አልፋ ነበር። ሰው እየሞተ መሆኑን በምን ልወቅ? ስም የጠራ የለ!»

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። አባቷን ብዙ አየችው፤ እንግዳ ሰው እንደሚያዩት ነው ያየችው።

«አባ፣» አለች፣ «ስሜ ጠፋህ እንዴ?»

ጋሽ ደርበው እዚህ ላይ አቆሙ። አንዳርጌ የቀረውን ጠበቀ።

«ምን ብሎ መለሰላት?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ብሎ ይመልስ? መልስ ያለው አባት ካወቅህ አምጣልኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ እሱ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ድልድዩ ያ የምትጽፉት መዝገብ ነው። ድንጋዩ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ዕውቀት ነው። ስህተት ማንሳት ጥፋት ነው ወይ አልከኝ። አይደለም፤ መጥፎ ድንጋይ ካልተነሳ ሰው ይገድላል። ከሁለታችን ልክ ማን ነው አልከኝ። ሁለታችሁም ልክ ትሆናላችሁ። ያቺን ልጅ ውኃ ውስጥ የከተቷትም ልክ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥለውን ሄዱ የምትላቸው ወዳጆችህ ደግሞ የትም አልሄዱም፤ በመልካው በኩል እየተሻገሩ ነው።»

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ።

«ለመሆኑ፣» አሉ ጋሽ ደርበው፣ «ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ስታነብልኝ፣ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገርከኝም።»

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ምላሱ ላይ የመጣው የባላንጣው ስም ነበር። እሱን ዋጠና «ስለ እባብ ነው» አለ። «እባብ የነደፈው ሰው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ምን ይደረግለታል፣ ምን አይደረግበትም የሚል። አንዲት ነርስ ናት የጻፈችው። ምንጭ አልጠቀሰችም፣ አንዳንዱም ስህተት ነበረበት፤ አጠፋሁት። እሱ መለሰው፤ እኔ መልሼ አጠፋሁት። ነርሷ እንዴት ላስተካክለው ብላ ጽፋልኝ ነበር…»

«ምን አልካት?»

«አልመለስኩላትም።»

«አሁን ገጹ ላይ ምን አለ?»

አንዳርጌ ስልኩን ከፍቶ አየ። የሚያውቀውን ነገር ነው ያየው፤ ግን ገና አሁን ያየው ይመስል ፊቱ ተለዋወጠ። «ምንም የለም» አለ ድምፁ ወርዶ። «እስክንስማማ ድረስ ተብሎ ተዘግቷል። ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ምሳሌውን ሲጀምሩ ነገሩ ይህን ያህል ይቀርባል ብለው አላሰቡም ነበር። «ባዶ?» አሉ። «እኔና አንተ እዚህ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ አንዱ አባት የተነደፈች ልጁን ታቅፎ ይህን ገጽ…» የአንዳርጌን ክንድ ያዙና ከተቀመጠበት አስነሱት።

«ሂድ፤ ፍርዱ ይቆይ። ነርሷን ለምናት፣ ያላወቀችውን አሳያት፣ የምታውቀውን ጠይቃት። ያንንም ሰው ጥራው። ያነሳችሁትን ተኩ፣ ልጄ። ልጅቱ ድልድዩ ላይ ናት።»