የተቀቀለ እርሾ

ማኅበርተኞች፣ እኔ የታወስኩት ሰባኪው ሲቀር ነው። «እስቲ እማማ አንድ ነገር ይበሉን» ተባለ፤ እሱም በግማሽ አፍ። ፊደል አልቆጠረችም ብላችሁ ነው። አዎ፣ አልቆጠርኩም። እናንተን የቆጠራችሁትን የት አደረሳችሁ? ዝም ብላችሁ ስሙ።

አንዲት ሴት ነበረች። ጾም በገባ ቁጥር ስልጆዋ ሰፈሩን ያስነጥሰው ነበር። የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ ታገነፋለች፣ ታበርዳለች፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ትጨምራለች። ከዚያ ካለፈው ስልጆ ያስቀረችውን እርሾ ጠብ አድርጋ ማሰሮውን ትከድናለች። ሲከፈት ኮምጣጣነቱ ጆሮ ያቆማል! ወርቅያንጥፉ ትባላለች። ለእሷ፣ ስልጆ ማለት የራሷ ነው፤ የሌላው ሰው ባቄላ ነው።

ጎረቤቷ አልጋነሽ ልጅ እግር ናት፤ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። በየጾሙ ሳህን ይዛ ትመጣለች።

«እትዬ፣ እባክዎ ከእርሾዎ ይስጡኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ! ለሰው ያልሆነ እርሾ ምን ሊሠራ!»

ጓዳ ትገባለች። እርሾውን በትንሽ ድስት ትጥደዋለች። ትቀቅለዋለች! አብርዳ፣ ሳህኑን ሞልታ፣ በሁለት እጇ ትሰጣታለች።

ለምን ቀቀለችው? በእርሾ ውስጥ ዓይን የማያየው ሕይወት አለ፤ የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ እሳት ግን ይገድለዋል። ወርቅያንጥፉ ይህን አሳምራ ታውቃለች። እምቢ አላለችም፤ ስስታም አትባልም፤ ሰጥታለች። ግን የሰጠችው ሬሳ ነው።

የአልጋነሽ ስልጆ በመኮምጠጥ ፈንታ ይሻግታል። አማቷ «እጇ አይባርክም! ልጄ ይህችን አመጣብኝ!» ትላለች። አልጋነሽ እያለቀሰች ወደ ወርቅያንጥፉ ትሮጣለች። ወርቅያንጥፉስ ምን ትላታለች?

«እጅ ነው የኔ ልጅ፣ እጅ ነው። እግዜር ሲሰጥ ነው።»

ስሙኝማ! ከስስቷ ይልቅ ይህ ነው የከፋው። እምቢ ብትላት ኖሮ ልጅቱ ሌላ ደጅ ትጠና ነበር። ሰጠቻትና የገዛ እጇን አስጠላቻት።

አንድ ዓመት ታዲያ፣ የማኅበሩ ተራ የወርቅያንጥፉ ሆነ። ጓዳዋ ውስጥ ያልተቀቀለውንና የተቀቀለውን እርሾ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጥድፊያ ነው፣ ግርግር ነው። ሕያውን ለአልጋነሽ ሰጠች፤ ሬሳውን የራሷ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠች!

በማኅበሩ ዋዜማ ማሰሮዋን ከፈተች። ቀመሰች። ወይ ጉድ! ያደረ ገንፎ! ከአጥሩ ወዲያ ግን የአልጋነሽ አማት እያስነጠሰች እልል ትላለች።

ምን ታድርግ? ነገ እንግዳ ሊመጣ ነው። ሳህን ይዛ ሄደች።

«የኔ ልጅ... ዘንድሮ የኔ እምቢ አለኝ።»

አልጋነሽ ሳህኑን ትታ ማሰሮውን እንዳለ ብድግ አደረገች።

«ኧረ ለእኛም አስቀሪ!» ብላ አማቷ ጮኸች።

«ይውሰዱት እትዬ። አይዞዎት፣ እጅ አንዳንዴ ይደክመዋል። ይህን ሁሉ ዓመት የኔን የቻሉት እርስዎ አይደሉ?»

በማግስቱ ቄሱ አንዴ ጎርሰው፣ «ወርቅያንጥፉ፣ ዘንድሮስ እጅሽን አብልጦ ባርኮታል!» አሏት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሰናፍጩ ነው አባ።»

ሰናፍጩ ይመስላችኋል? ቄሱም አልመሰላቸው፤ አፍጥጠው አዩዋት። ያን ጊዜ ተነሣች።

«እጁ የአልጋነሽ ነው። እርሾውን እየቀቀልኩ ስሰጣት ኖሬያለሁ። እጇ ምንም አልነበረበትም።»

አማትየዋ ልትጮህ ፈለገች። ግን አፏ በምራቷ ስልጆ ሞልቷል።

እናንተስ? ስትሰጡ ምንድን ነው የምትሰጡት? «ሙያ አስተምሩኝ» ላላችሁ ሰው ዋናውን ደብቃችሁ ታስተምሩታላችሁ፤ ሲበላሽበት «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ትላላችሁ። በሽተኛ ልትጠይቁ ትሄዳላችሁ፤ ዓይናችሁ በር በሩን ያያል። «ይቅር ብያታለሁ፤ ብቻ ዓይኗን አታሳዩኝ» ትላላችሁ። ይቅርታ ነው ይሄ? ተቀቅሏል እኮ! ተቀቅሏል!

ስንዱ፣ አታቀርቅሪ፤ አንቺን ነው። ከእህቴ ታርቄያለሁ ብለሽ ማኅበሩን እልል አስባልሽው። ደጇን ረግጠሻል ከዚያ ወዲህ? አልረገጥሽም። በይ ተነሺ። ጫማሽን አድርጊ። ቤቷ ግቢ፣ ያቀረበችልሽን ብዪ፣ ስታወሪያት ዋዪ። የቀረውን ጸሎት እኛ እናደርሳለን፤ አንቺ ሂጂ።