መሸኛ የሌላት ነዋሪ

ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ መንደሯ ለመንገድ ሲፈርስ ሌላ ቀበሌ ገብታ ቤት ተከራየች። ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን የእርዳታ ስንዴ መጣ ሲባል ጆንያዋን ይዛ ቀበሌው አዳራሽ ተሰለፈች።

ሊቀመንበሩ አቶ ደምስ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስንዴው ለነዋሪ ነው። ከድሮ ቀበሌሽ መሸኛ አምጪ!» አሏት።

«ቀበሌውም አብሮ ፈርሷል ጌታዬ። እሱ ራሱ መሸኛ ሳይዝ ነው የሄደው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አቶ ደምስ ተቆጡ። «እንግዲያው እዚህ ለመኖርሽ ማስረጃ አቅርቢ! እኔ እንደሆነ አይቼሽም አላውቅ።»

ሴትዮዋ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ጠቆመች። እሳቸው መድረክ ላይ ቆመው ይናገራሉ፤ እሷ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ከሥሩ «የቀበሌያችን ነዋሪዎች ለሊቀመንበራቸው ያላቸውን ድጋፍ ሲገልጹ» ይላል።

አቶ ደምስ ፎቶውን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፎቶ መሸኛ አይሆንም።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ጆንያዋን እያጣጠፈች፤ «ነዋሪ ካልሆንኩ ስንዴው ይቅርብኝ። ግን ያን ቀን በነዋሪ ስም ያጨበጨብኩልዎን ጭብጨባ ይመልሱልኝ።»